ማሪቱና የአልጋ ዳር ትምህርት

ማሪቱ እንደገና ተማሪ የሆነችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤኤር ቱቪያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ብስኩት ስታሽግ ኖራለች። ጎህ ሲቀድ የሠራተኛው አውቶቡስ ቂርያት ማላኪ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ይወስዳታል፤ ከሰዓት በኋላ እጇ ቫኒላ ቫኒላ እየሸተተ ይመልሳታል። ባሏ አለምነህ የከተማው ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ የመጀመሪያውን ለሠራዊት አብቅታለች። ጎረቤት ስለ እሷ ቢጠየቅ፣ "ዝምተኛ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች" ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ነገሩ የመጣው አማቷ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ኢሪት የምትባል ሴት ገብታ ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሐኪም አይደለች፣ ነርስ አይደለች። በበሽተኛ ልብ ውስጥ ያለውን ልታዳምጥ፣ ጸሎት የሚፈልግ ካለም አብራው ልትጸልይ ነው የምትዞረው። በዕብራይስጥ፣ "ምን ያስፈራሻል?" ብላ ጠየቀቻቸው። አማቷ ዕብራይስጥ አይሰሙምና ማሪቱ አስተርጓሚ ሆነች።

"እማዬ፣ ብቻዎን ሲሆኑ ሐሳብዎ ወዴት ይሄዳል?" አለቻቸው።

አሮጊቷ ለቀናት ዘግተውት የነበረውን አፍ ከፈቱ። ጎንደር ስለቀረው ወንድማቸው፣ ሳይሰናበቷት ስለሞተች እህታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። ሲደክማቸው ኢሪት ወደ ማሪቱ ዞር አለች።

"እኔ የጠየቅሁት ሁለት ቃል ነው። አንቺ ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?"

"ምን ያስፈራሻል ብላቸው 'ምንም' ነው የሚሉኝ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፈራሁ አይልም።"

ኢሪት ወንበሯን ወደ ማሪቱ አስጠጋች። "ያቭኔ አንድ ሚድራሻ አለን፤ ሴቶች ሃይማኖት የሚማሩበት ቤት ነው" አለች። "ሁለት ዓመት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ቀን መጽሐፍ፣ አንድ ቀን አልጋ ዳር። ነይ ተማሪ።"

ማሪቱ ሳቀች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ምን ትማራለች? ይሁንና አማቷ አርፈው፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ነገሩ ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

አልወጣ ያለበት ምክንያት ነበረው። የማሪቱ ቅድመ አያቶች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ አያቷ ግን የሚያርሱት መሬት ለማግኘት ብለው ተጠመቁ። እሷም በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ ክርስትና ተነሥታለች። ቢሆንም መንደሩ አልረሳላቸውም፤ ልጆች ሲጣሉ "ካይላ" እያሉ ይሰድቧት ነበር። ጎንደር ከተማ ስምንት ዓመት ተራዋን ጠብቃ እስራኤል ስትገባ ደግሞ ወደ አባቶቿ ሃይማኖት መመለሷን ማስመስከር ነበረባት። ይህንን ሥርዓት ጊዩር ይሉታል። ሦስት ዳኞች ፊት ቆማ ሰንበት ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሥጋና ወተት እንዴት እንደሚለያዩ ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ስትወጣ እልል ተባለላት። እሷ ግን ያን ቀን ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና፣ ያጠናችውን ሁሉ እንደ መዝሙር በቃሏ አነበነበችው እንጂ ከእግዚአብሔር ጋር ምን እንዳላት ራሷን አንድም ቀን እንዳልጠየቀች ገባት። አሥራ አራት ዓመት ይህን ይዛ ኖረች።

ስለዚህ ለኢሪት ደወለች። የፋብሪካ ሥራዋን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን አስቀነሰችና በመከር ወራት ያቭኔ ገብታ ተመዘገበች።

ትምህርቱ ከበዳት። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ልማዱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ማጥናት ነው። ለማሪቱ የደረሰቻት ሺራን የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሺራን ገዴራ ተወልዳ ያደገች፣ ወላጆቿ በሱዳን በኩል ቀድመው ከመጡት ቤተ እስራኤል ናቸው። አማርኛዋ ተሰባብሮ፣ ዕብራይስጧ ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። ማሪቱ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርስ እሷ ገጹን ትገለብጣለች።

"ቆይ እንጂ ልጄ፣ እኔ ገና በር ላይ ነኝ" ትላታለች።

"ቤሰደር፣ እሺ፣ እጠብቃለሁ" ትላለች ሺራን፤ እውነትም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

የመጀመሪያውን ፈተና ማሪቱ ወደቀች። በሁለተኛው ወር ግን "ሊሞት የቀረበ ሰው መሞቱ ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም?" የሚል ጥያቄ ተሰጣቸው። ሺራን ከመጻሕፍቱ የአምስት ሊቃውንት አስተያየት አውጥታ በሰልፍ ደረደረች። ማሪቱ ሰምታ ሰምታ፣ "ማን ነው የጠየቀው? በሽተኛው ራሱ ነው ወይስ ልጁ?" አለች። ኢሪት ጥያቄዋን እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጻፈችውና የቀረው ሰዓት በዚያው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሺራን ገጽ ስትገለብጥ ቀና ብላ የማሪቱን ፊት ታያለች።

ተዋደዱ። አንድ ነገር ብቻ በመሐላቸው ነበር። ሺራን፣ "እናንተስ በሱዳን ነው የመጣችሁት?" ብላ በጠየቀቻት ቁጥር ማሪቱ፣ "እኛ ኋላ ነው የመጣነው፤ ያላ፣ በይ አንብቢልኝ" ትልና ታልፈዋለች። የሺራን አያት "ኋላ የመጡትን"፣ ተጠምቀው የነበሩትን፣ "እነሱ አይሁድ አይደሉም" እንደሚሏቸው ሺራን ሳታስበው በጨዋታ መሐል ነግራታለችና።

የተግባሩ ትምህርት ገዴራ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ኢሪት ስታሰማራቸው፣ "ምንም ይዛችሁ አትግቡ፤ ምክርም ቢሆን። ስትወጡ የተባባላችሁትን ቃል በቃል ጻፉ፣ ስሙን ቀይራችሁ ክፍል ውስጥ ታነቡታላችሁ" አለቻቸው። ማሪቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች። እዚያ ነው እማማ የሺሐረግን ያገኘቻቸው።

እማማ የሺሐረግ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው አጭር፣ አንደበታቸው ሹል። ልጃቸው ሐብቴ በየቀኑ ከመጋዘን ሥራው ሲወጣ በቀጥታ ይመጣል። ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ ሻሻቸውን ያስተካክላል፣ ሰንበት ሊገባ ሲል ነጭ ነጠላ ይቀይርላቸዋል። ማሪቱ ከአገራቸው አነጋገር፣ ከአንዳንድ ቃላቸው፣ እንደሷው ኋላ ከመጡት እንደሆኑ ያወቀችው በመጀመሪያው ቀን ነው። እሳቸውም አውቀዋታል። አምስት ወር ሙሉ ግን አንዳቸውም አልተነፈሱም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጅ አወሩ። ሲለያዩ እማማ የሺሐረግ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው "እስራኤል ሆይ ስማ" የሚለውን የሽማዕ ጸሎት ይላሉ፤ ማሪቱም አብራቸው ትላለች።

በስድስተኛው ወር ልባቸው ደከመ። ከአልጋ መነሣት ተዉ። አንድ ማክሰኞ ማሪቱ ስትገባ ሐብቴ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ፊቱ ገርጥቷል።

"እህቴ ማሪቱ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከትናንት ጀምሮ እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ድረሽልኝ እያለች ነው። ጮክ ብላ! ከመጋረጃው ማዶ የተኙት ሴትዮ ከምኩራባችን ናቸው፣ ቤተሰባቸው ይገባል ይወጣል። ልጄ ሃጋር ልትዳር ነው። 'ጊዩራቸው የውሸት ነበር' ቢሉንስ? እባክሽ አንቺን ትሰማሻለች፤ ሽማዕ እንድትል አድርጊልኝ። ያን ነገር ከአፏ አውጪልኝ።"

ማሪቱ በአጠገቡ አልፋ ገባች። እማማ የሺሐረግ ዓይናቸው ተገልጧል።

"መጣሽ?"

"መጣሁ እማማ። እንዴት ነዎት?"

"ልጄ፣ ስንት ስም ነው ያለኝ?" አሉ። "እናቴ የሺሐረግ አለችኝ። ቄሱ ወለተ ሐና አለኝ። እዚህ ደግሞ ዲና አሉኝ። አሁን ሊጠራኝ ነው። በየትኛው ነው የሚጠራኝ? በአንዱ ጠርቶኝ ሳልሰማው ብቀርስ?"

ማሪቱ በያቭኔ የተማረችውን ሁሉ በልቧ አገላበጠች።

ከዚያ ራሷም ሳታስበው፣ "ሁለተኛ ልጄን እዚህ ስወልድ አፌ ላይ የመጣችው ማርያም ናት" አለች። "አዋላጇ ሐበሻ ነበረች። እንዳትሰማኝ ብዬ አንሶላውን ነከስኩ።"

ይህን ለአለምነህ እንኳ ነግራው አታውቅም ነበር። እማማ የሺሐረግ አንገታቸውን አዙረው አዩዋት።

"አንሶላ?"

"አዎ፣ አንሶላ።"

"እኔ ደግሞ ትራስ ነበር የምነክሰው" አሉ አሮጊቷ። "አሁን ጥርስ የለኝም።" ደረታቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ እጇን ያዙና አለቀሱ። ማሪቱም እጃቸውን አልለቀቀችም። ዳግመኛ "እመቤቴ" ሲሉም አፋቸውን አላስዘጋችም።

ስትወጣ ሐብቴ እዚያው ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

"ዝም አሰኚልኝ ብዬ ለመንኩሽ፣ አንቺ ጭራሽ ታጫውቻታለሽ?"

"ሐብቴ ወንድሜ፣ እሳቸውን ዝም ላሰኝ አይደለም የመጣሁት።"

"አንቺ ምን ቸገረሽ! ተምረሽ ወረቀትሽን ትቀበያለሽ። እኛ እዚሁ ኗሪ ነን።"

"እኔም ያው እንደ አንተ ነኝ።"

"እንግዲያስ ሳይነገርሽ ልታውቂው ይገባ ነበር" አለ። "ከእንግዲህ እናቴ ዘንድ አትምጪ።"

ወደ ቂርያት ማላኪ በሚመልሳት አውቶቡስ ውስጥ የተባባሉትን ቃል በቃል ጻፈች። እሷ ትክክል፣ እሱ ስህተት መስሎ ታያት። ማታ ለአለምነህ ስትነግረው፣ "ሰውየው ፈርቶ ነው" ብቻ አለ።

ሐሙስ ዕለት ጽሑፏን ክፍል ውስጥ ማንበብ ነበረባት። ስሙን መቀየር ቀላል ነው። ግን የአንሶላውን ነገር ካስቀረችው ጽሑፉ ትርጉም የለውም፤ ካነበበችው ደግሞ ሺራን ትሰማለች። ያቭኔ ደርሳ ከአውቶቡሱ እስክትወርድ አልወሰነችም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ሁሉንም አነበበች። በሰማንያ ቀኗ መጠመቋን ጭምር።

ሺራን አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲያልቅ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ኢሪት በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና፣ "ማሪቱ፣ ያነበብሽው ከባድ ነው፤ አመሰግንሻለሁ" አለች። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ስለ እናትየው አራት ገጽ ጽፈሻል። ልጁ የታለ? ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ሆኖ ነው?"

"እሱማ… አፋቸውን ሊያዘጋ ነው።"

"ጠየቅሽው?"

ማሪቱ አልጠየቀችውም። እሳቸውን "ምን ላድርግልዎ" ስትል እሱን አንዲት ቃል ሳትጠይቀው ነው የገባች፣ አንዲት ቃል ሳትጠይቀው ነው የመለሰችለት። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ያን ያህል ጊዜ ስትማረው የነበረው ነገር በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት በአጠገቡ አልፋ ሄዳለች።

የሐብቴ መጋዘን ከእሷ ፋብሪካ ሁለት መንገድ ያልፋል። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ሄደችና በሩ ላይ ጠበቀችው። ዓርብ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ሐብቴ አይቷት ሊያልፍ ሲል፣ "ልመክርህ አልመጣሁም" አለችው። "ያን ቀን አንተን ሳልጠይቅህ ገባሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት ነህ ልልህ ነው የመጣሁ።"

ቆመ። ከዚያ በአጥሩ ጥግ በተከመረው የእንጨት ጣውላ ላይ ተቀመጠ።

"ለጊዩሩ ያስጠናኋት እኔ ነኝ" አለ። "ሁለት ወር። ማንበብ አትችል፣ በቃሏ ነው የያዘችው። ስትሳሳት እቆጣታለሁ። አንድ ቀን ሳታስበው እመቤቴ ስትል 'ይህን ስም ካልተውሽ ልጆቼን አገር ታሳጫቸዋለሽ' አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርታት አታውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት! ትታዋለች ብዬ ነበር። እኔ ነኝ ከአፏ የነጠቅኋት፤ ይኸው አሁን ልትሞት ስትል የምትጠራው እሱኑ ነው።"

ማሪቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሰማች። አይዞህ አላለችም። መናገሩን ሲጨርስ፣ "እኔን የሚያስጨንቀኝ የጎረቤት ወሬ ይመስልሽ ነበር አይደል?" አላት።

"አዎ፣ መስሎኝ ነበር።"

"እሱም አለበት" አለ። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። "ማክሰኞ ነይ።"

ማክሰኞ ሄደች። እማማ የሺሐረግ ድምፃቸው ሊሰማ ባይችልም ልቡናቸው አልጠፋም። ሐብቴ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ያን ጊዜ የተናገራቸውን አነሣና ይቅርታ ጠየቃቸው። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ራሱ ላይ አኖሩት። የመለሱለትን ማሪቱ አልሰማችም፤ ልታዳምጥም አልፈለገችም፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ያረፉት በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ማሪቱን ከትምህርት አስጠርተዋት ከያቭኔ በታክሲ ደረሰች። ሐብቴ በሥራ ልብሱ እንዳለ ገባ። እናቱ ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና ወደ ማሪቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

"ምን አለች?" አለ ሐብቴ።

"'ምሳ በልቶ ነው የመጣ?' ነው የሚሉት።"

ሐብቴ ምሳ አልበላም ነበር። "በልቻለሁ እማዬ" አላቸው። ከዚያ በጆሯቸው ሽማዕን በቀስታ አለላቸው፤ እንደ ድሮው እንደ ማስጠናት ሳይሆን፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ከንፈራቸው ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሐብቴ ማሪቱን፣ "መጨረሻ ላይ ምን እያለች ነበር?" አላት።

"አልሰማሁም።"

"ገምቺ እስቲ።"

"አልገምትም ወንድሜ። ያን የሰማው የጠራቸው እሱ ነው።"

የሐዘኑ ሰባት ቀን ገዴራ በሐብቴ ቤት ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ማሪቱ ቀና ስትል ሺራንን በሩ ላይ አየቻት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሌላ ሴት ጋር ነበር የምታጠናው። ሐዘንተኞቹን ሰላም ብላ መጣችና ማሪቱ አጠገብ ተቀመጠች።

"ለአያቴ ነገርኳት" አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ሦስት ቀን አላናገረችኝም።"

"አንቺስ?"

"እኔ ተናድጄ ነበር። አንድ ዓመት ዋሸሽኝ።"

"ዋሽቻለሁ" አለች ማሪቱ።

ሺራን ይህን አልጠበቀችም። "ያን ሐሙስ የጀመርነውን ምዕራፍ አልጨረስነውም" አለች። ሐሙስ ያቭኔ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የድሮው ጨዋታ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ለብዙ ሳምንታት ሺራን የምትጠይቀው ስለ ትምህርቱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ "ሰማንያ ቀን ለምንድን ነው? ወንዶቹስ?" አለቻት፤ ማሪቱም ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ መሆኑን አስረዳቻት። አውቶቡሱ መጥቶ ሳይሳፈሩበት ሄደ።

ማሪቱ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠነኛ ሆና ጨረሰች። የገዴራው የአረጋውያን መኖሪያ በሳምንት ሁለት ቀን ቀጥሯታል፤ በቀሩት ቀናት ብስኩቷን ታሽጋለች። ወደ አንድ ክፍል ከመግባቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ትሄዳለች። ኢሪት ያን ጽሑፏን ለአዳዲሶቹ ተማሪዎች ላስተምርበት ብላ ጠይቃት ነበር። ማሪቱ፣ ስሙ ቢቀየርም ሐብቴን ሳልጠይቅ አይሆንም አለች። ጠየቀችው። ሐብቴ አሰበበትና፣ "አሁን አይደለም" አለ። ጽሑፉ እስካሁን እሷ ዘንድ ነው።